ለቀማ፦ በፓይጌም የምትሠራ የቡና ጨዋታ፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከጅማ

ሥራው፦ ለጀማሪ የተዘጋጁ የቪዲዮ ትምህርቶችን እየተከተሉ አንዲት ትንሽ ጨዋታ በፓይተን ቋንቋና በፓይጌም (ለጨዋታ የተዘጋጀ የፓይተን ላይብረሪ፣ ማለትም የኮድ ስብስብ) ከባዶ ጽፎ መጨረስ። ጨዋታዋ «ለቀማ» ትባላለች። ከላይ የቡና ፍሬ ይወርዳል፣ ከታች ቅርጫት በቀስት ቁልፍ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ቀይ ፍሬ ቅርጫት ሲገባ 1 ነጥብ ይጨመራል፣ አረንጓዴ ሲገባ 2 ይቀነሳል። ሕጉ የተወሰደው ከማሳው ነው፤ ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር አብሮ መግፈፍ የቡናውን ጣዕምም ዋጋም ስለሚጥል ቅጣቱ ከሽልማቱ እንዲከብድ ተደረገ።

መሣሪያ፦ 2 ያገለገሉ ላፕቶፖች። «ሀ» 4 ጊጋባይት ራም፣ ዊንዶውስ 7፣ ባትሪው የሞተ፤ ያለ ቻርጀር አይነሳም። «ለ» 8 ጊጋባይት ራም፣ ዊንዶውስ 10። የሁለቱም ስክሪን 1366 በ768 ነው። ወጪ፦ 32 ጊጋባይት ፍላሽ 600 ብር፣ ዳታ 100 ብር።

አሠራር፦ አንድ ክፍል ቪዲዮ ይታያል፣ ኮዱ በእጅ ይጻፋል (ኮፒ ፔስት የለም)፣ ከዚያ ቪዲዮው ተዘግቶ አንድ ነገር ይቀየራል። ከታች የሰፈሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የተገኙት በዚህ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ቪዲዮው እንዳለው ብቻ ሲጻፍማ ሁሉም ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አይታወቅም።

ሳምንት 1፣ ጥቅምት አጋማሽ። ጭነት

«ሀ» ላይ ፓይተን 3.8 ተጫነ። አማራጭ የለም፤ ዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። መጫኛው ወደ 27 ሜጋባይት ነው። በመጀመሪያው የመጫኛ መስኮት ግርጌ «አድ ፓይተን ቱ ፓዝ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ሳይነኩ ስለታለፈ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት «ፓይተን» የሚለውን ቃል አላውቅም አለ። ፓዝን (ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር) በእጅ ከመነካካት ፓይተንን አራግፎ፣ ሳጥኗን መርጦ እንደገና መጫን ይፈጥናል።

«ለ» ላይ በጊዜው አዲስ የወጣው ፓይተን ተጭኖ ነበር። ፒፕ (የፓይተን ላይብረሪዎችን አውርዶ የሚጭነው) ፓይጌምን ልጫን ሲል ገጽ ሙሉ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ምክንያቱ፦ ፓይተን እንደታደሰ ሰሞን ፓይጌም ለአዲሱ ቁጥር ተዘጋጅቶ ያለቀ «ዊል» ፋይል ላይኖረው ይችላል። ያኔ ፒፕ ምንጩን አውርዶ እዚያው ኮምፓይል ለማድረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ ለመለወጥ) ይሞክራል፤ ማሽኑ ላይ የሲ ኮምፓይለር ስለሌለ ይወድቃል። ወደ 3.11 ሲመለስ ያለ ምንም ጣጣ ተጫነ።

ዳታ ለመቆጠብ ዊሉ በ«ፒፕ ዳውንሎድ» አንዴ ወርዶ በፍላሽ ወደ «ሀ» ተወሰደ። እምቢ አለ። የ3.11 ዊል 3.8 ላይ አይጫንም፤ የፓይተኑ ቁጥር በፋይሉ ስም ውስጥ ስላለ አስቀድሞ ማየት ይቻል ነበር። ፍላሽ ውስጥ ለ3.8 የሚሆን የድሮ ፓይጌም 1.9.6 ተገኘና እሱ ተጫነ። ዋጋው በ5ኛው ሳምንት ተከፈለ።

የመጀመሪያው ፋይል «ፓይጌም» ተብሎ ሴቭ ተደረገ። ሲነሳ «ፓይጌም ኢኒት የሚባል ነገር የለውም» የሚል ስህተት መጣ። ፓይተን ላይብረሪ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ነው፤ ስለዚህ እውነተኛውን ፓይጌም ትቶ የራሳችንን ፋይል አስገባ። የፋይሉ ስም ወደ «ለቀማ» ሲቀየር ተፈታ። «ራንደም» ብሎ መሰየምም እንደዚሁ ያጠፋል፤ ይህ ስህተት የመጫን ችግር ስለሚመስል ብዙ ጀማሪ ፓይጌምን ደጋግሞ እያራገፈ ቀኑን ያባክናል።

ሌላ ማስታወሻ፦ ፓይጌም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያለ ላይብረሪ ስለሆነ በየቦታው የሚገኙት ትምህርቶች ብዙዎቹ በፓይተን 2 የተጻፉ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ «ፕሪንት» ከተባለ በኋላ ቅንፍ ከሌለ ትምህርቱ አሮጌ ነው፤ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ሳምንት 2። መስኮትና ሉፕ

መስኮት 800 በ600 ተከፈተ። ከ5 ሴኮንድ ያህል በኋላ ነጣ፣ ርእሱ ላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ተጻፈ። ሉፑ (እየተደጋገመ የሚዞረው የኮድ ክፍል) ይዞራል፣ ግን ከዊንዶውስ የሚመጡትን መልእክቶች አያነብም ነበር። «ኢቨንት ጌት» (መልእክቶቹን የሚያነበው ትእዛዝ) በየዙሩ ካልተጠራ ዊንዶውስ ፕሮግራሙ ሞቷል ብሎ ያስባል፤ ቁልፍ የማንጠብቅ ብንሆንም መጠራት አለበት።

ቅርጫቱ ሲንቀሳቀስ ከኋላው ጅራት ተወ። ስክሪኑ በየዙሩ መጀመሪያ በ«ፊል» ካልተቀባ የቀደመው ሥዕል እንዳለ ይቆያል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ቁልፍ ማንበብ፣ ቦታ ማስላት፣ ስክሪን መቀባት፣ መሳል፣ የተሳለውን በ«ፍሊፕ» ማሳየት። ፊል ከመሳል በኋላ ሲገባ ደግሞ ባዶ ስክሪን ብቻ ታየ፤ የተሳለው ሁሉ በቀለሙ ተሸፈነ።

በቀስት ቁልፍ ቅርጫቱ በአንድ ጭነት አንድ እርምጃ ብቻ ሄዶ ይቆማል። ቪዲዮው የተጠቀመው «ኪ ዳውን» የሚባለውን ኢቨንት ነው፤ እሱ ቁልፉ ሲወርድ አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። ተጭኖ መያዝን ለማወቅ በየዙሩ «ጌት ፕረስድ» መጠየቅ ያስፈልጋል። ኪ ዳውን የሚበጀው እንደ መዝለልና ማቆም ላሉት ነው።

በስክራች (ብሎክ እየተገጣጠመ በሚጻፈው የጀማሪ ቋንቋ) ጀምረው ወደ ፓይተን ለሚመጡ፦ የስክራች ሜዳ 480 በ360 ነው፣ 0 መሀሉ ላይ ነው፣ ዋይ (የላይና ታች ቦታ ቁጥር) ወደ ላይ ሲሄዱ ያድጋል። በፓይጌም 0 የግራው የላይ ጥግ ነው፣ ዋይ ወደ ታች ሲሄዱ ያድጋል። ፍሬው ወደ ላይ የበረረባቸው ሁሉ ምክንያቱ ይህ ነበር። ካሬ ወረቀት ላይ ስክሪኑን ስሎ አራቱን ጥጎች መጻፍ ከማንኛውም ቪዲዮ የተሻለ አስረዳ።

ሳምንት 3። ፍሬዎቹና የአማርኛ ስሞች

ፓይተን 3 የተለዋዋጭ (ቁጥር ወይም ጽሑፍ የሚያዝበት) ስም በአማርኛ ፊደል ይቀበላል። ነጥብ = 0 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነጥብ += 1 ይሠራል። ለጀማሪ ትልቅ ጥቅም አለው፦ በአማርኛ የተጻፈው የኛ ስም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የፓይተን ወይም የፓይጌም ቃል መሆኑ በዓይን ይለያል። በቪዲዮው ኮድ ላይ የትኛው ስም የግድ፣ የትኛው እንደፈለጉ የሚቀየር እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ሙሉ ሳምንት እንዲህ ተጻፈ።

ከዚያ ችግሮቹ መጡ። አንድ ቦታ ሰዓት፣ ሌላ ቦታ ሰአት ተብሎ ተጻፈ፤ «ኔም ኤረር» (ይህን ስም አላውቀውም) መጣ። ለኛ ድምፁ አንድ ነው፣ ለፓይተን ግን ዐ እና አ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በዓይን ሲነበብ ቃሉ ትክክል ስለሚመስል ለማግኘት 40 ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛው፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ በእንግሊዝኛው ኮማ ፋንታ ፣ ገባ። ፓይተን 3.8 «የማይሆን ፊደል አለ» ብሎ መስመሩን ብቻ ያሳያል፤ 3.11 ግን ራሱን ፊደሉን ከነዩኒኮድ ቁጥሩ ይጠቁማል። በዚህ ብቻ እንኳ 3.11 ይመረጣል። በስምምነት የተያዘው፦ ስሞች በአማርኛ፣ ሞክሼ ፊደል ያለበት ቃል ለስም አይመረጥም። ሰዓት ቀርቶ ጊዜ ሆነ።

የፍሬው መነሻ ቦታ ከ0 እስከ 800 በዕጣ ይወጣ ነበር። አንዳንዱ ፍሬ ግማሹ፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይታይም፤ ነጥቡ ግን አለ። የሥዕሉ ቦታ የሚለካው ከግራ ጠርዙ ነው። ፍሬው 32 ፒክስል ስለሚሰፋ ትልቁ ቁጥር 800 ሲቀነስ 32፣ 768 ነው።

ከሁሉ ያደከመው ይኸኛው ነው። ሁለት ፍሬ ተከታትሎ ቅርጫት ሲገባ አንዳንዴ አንዱ ብቻ ይቆጠራል፣ ሌላው በቅርጫቱ ውስጥ ያልፋል። ኮዱ በፎር ሉፕ የፍሬዎቹን ዝርዝር እየዞረ የተያዘውን እዚያው ያወጣ ነበር። 3ኛው ሲወጣ 4ኛው ወደ 3ኛው ቦታ ይሸጋሸጋል፤ ሉፑ ግን ወደ 4ኛው ቦታ ስለሚያልፍ አንዱ ፍሬ ሳይታይ ይዘለላል። በሻይ ቤት ሰልፍ ማሰብ ነው፦ አንድ ሰው ሲወጣ ሁሉም አንድ እርምጃ ይጠጋል። መፍትሔው መዞሪያውን በዝርዝሩ ቅጂ ላይ ማድረግና ማውጣቱን በዋናው ላይ መፈጸም ነው። ሌላው መንገድ የሚቀሩትን ብቻ ወደ አዲስ ዝርዝር መሰብሰብ ነው፤ ሁለተኛው ተመረጠ፣ ከታች ያመለጡትንም አብሮ ስለሚጥል። እነሱ ሳይጣሉ በነበረበት ጊዜ ከ10 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ «ሀ» እየተንቀራፈፈ ነበር፤ ማንም የማያያቸውን ፍሬዎች ያለማቋረጥ ሲያሰላና ሲስል ኖሯል።

ኅዳር መግቢያ። መብራት ሄደ

ሴቭ እየተደረገ ሳለ መብራት ሄደና «ሀ» ጠፋ። ሲነሳ ፋይሉ አለ፣ መጠኑ 0 ባይት። የ2 ቀን ሥራ ተበላ። ከዚያ ወዲህ፦ ሥራ ሲጀመር ፎልደሩ ሙሉውን ተቀድቶ ለቀማ 07፣ ለቀማ 08 እየተባለ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማታ ማታ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም) የተሻለ መሆኑ ይታወቃል፤ ግን ለጀማሪ በአንድ ወር ውስጥ ፓይተንንም ጊትንም አብሮ ማሸከም ሁለቱንም ያበላሻል። የተቆጠረ ፎልደር ሌላም ይጠቅማል፦ ዛሬ የተበላሸውን ትናንት ከሚሠራው ጎን ከፍቶ ማስተያየት ይቻላል።

ሳምንት 4። ፍጥነት

አንዱ ኮድ በሁለቱ ላፕቶፖች ላይ ሁለት ጨዋታ ሆነ። ፍሬው በየዙሩ 4 ፒክስል ይወርዳል። «ለ» በሴኮንድ 60 ዙር ይደርሳል፦ 240 ፒክስል፣ ከላይ እስከ ታች 2.5 ሴኮንድ። «ሀ» የሚደርሰው ወደ 35 ነው፦ 140 ፒክስል፣ ከ4 ሴኮንድ በላይ። «ቲክ» (የዙሩን ፍጥነት የሚገድበው ትእዛዝ) 60 ቢባልም 60 ጣሪያው ነው፤ ያልቻለን ማሽን አያፈጥንም።

መፍትሔው ፍጥነትን በዙር ሳይሆን በሴኮንድ መናገር ነው። ቲክ ካለፈው ዙር ወዲህ ያለፈውን ሚሊሴኮንድ ይመልሳል። እሱ ለ1000 ተካፍሎ ዴልታ ይሆናል፣ ከዚያ፦

ዋይ = ዋይ + 240 * ዴልታ

ይህ ከገባ በኋላ ሦስት ነገር ተበላሸ፤ ሦስቱም ቪዲዮው ያልነካቸው ናቸው።

አንደኛ፣ ፍሬው ከተሰላው ይልቅ ቀርፋፋ ሆነ። «ሬክት» (የሥዕሉን ቦታና መጠን የሚይዘው አራት ማዕዘን) ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው። ዙሩ 16 ሚሊሴኮንድ ሲፈጅ እርምጃው 3.84 ነው፣ ሬክት ውስጥ ሲገባ 3 ይሆናል፤ ትርፉ በየዙሩ ይጣላል። ይህ እንዲታይ ሆን ተብሎ ነፋስ ተጨመረ፦ ፍሬው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ በሴኮንድ 20 ፒክስል ይገፋል። ወደ ቀኝ ጨርሶ አልሄደም፤ 400 ሲደመር 0.33፣ 400.33፣ ተቆርጦ 400። ወደ ግራ ግን ከሚገባው 3 እጥፍ ሮጠ፤ 399.67 ተቆርጦ 399፣ በየዙሩ አንድ ሙሉ ፒክስል። ወደ ግራ ብቻ የሚነፍስ ነፋስ ሆነ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬ ትክክለኛው ቦታ በራሱ ተለዋዋጭ በአስርዮሽ ቁጥር ተይዞ፣ በዙሩ መጨረሻ ብቻ ወደ ሬክት ሲገለበጥ ሁለቱም ተስተካከሉ።

ሁለተኛ፣ መስኮቱ በማውዝ ተይዞ ሲጎተት ፍሬዎቹ በአንዴ ይጠፋሉ። ዊንዶውስ ላይ መስኮት ሲጎተት ሉፑ ይቆማል። 2 ሴኮንድ ቢያዝ የሚቀጥለው ዴልታ 2 ይሆናል፣ ፍሬው በአንድ ዙር 480 ፒክስል ይዘላል። ዴልታ ከ0.05 እንዳይበልጥ ተገደበ፤ ትልቁ ዝላይ 12 ፒክስል ሆነ።

ሦስተኛውን ይኸው ገደብ ፈታው፦ ፍሬው ቅርጫቱን ሳይነካ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ግጭት የሚታየው በየዙሩ መጨረሻ ባለው ቦታ ብቻ ስለሆነ በሁለት ዙር መካከል የተዘለለ ቅርጫት አይታይም። የቅርጫቱ ቁመት 20፣ የፍሬው 32፣ ዝላዩ 12 ሲሆን መዝለል አይቻልም። ወደፊት ፍጥነት ሲጨመር ይህ ሒሳብ እንደገና መሠራት አለበት።

ሳምንት 5። ሥዕልና ድምፅ

ፍሬዎቹ በፒስከል (የፒክስል ሥዕል መሣያ) 32 በ32 ተሳሉ። መጀመሪያ ጄፔግ ተደርገው ስለተቀመጡ እያንዳንዱ ነጭ ሳጥን ለብሶ ወረደ። ጄፔግ ግልጽነት አይይዝም፤ ፒኤንጂ መሆን አለበት፣ ሲጫንም «ኮንቨርት አልፋ» ይባላል።

ቀይና አረንጓዴን በቀለም ብቻ መለየት ስህተት ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት የሚቸገር ሰው፣ በተለይ ወንድ፣ ብዙ ነው፤ ለእሱ ጨዋታዋ የዕድል ነገር ትሆንበታለች። አረንጓዴው ላይ አንድ ቅጠል ተጨመረ፣ ቅርጹም ጠበብ አለ። 10 ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው።

ለጀርባ በዋንዛ ጥላ ሥር ያለ የቡና ማሳ ፎቶ በስልክ ተነሳ፣ 4000 በ3000። ጨዋታዋ «ሀ» ላይ በሴኮንድ 2 ዙር ወረደች። ፎቶው በሉፑ ውስጥ ነበር የሚጫነውና የሚያንሰው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲከፈት በ3 ባይት በፒክስል 36 ሚሊዮን ባይት ነው፤ ያን በየዙሩ ከዲስክ ማንሳት ለአዲስ ማሽንም ከባድ ነው። ፎቶው አስቀድሞ 800 በ600 ተደረገ፣ ከሉፑ በፊት አንዴ ተጫነ፣ «ኮንቨርት» ተባለ። «ሀ» ወደ 50 ወጣ፤ በባዶ ቀለም ከነበረው 35 እንኳ ይበልጣል፤ ለካ ትናንሾቹ የፍሬ ሥዕሎችም በየዙሩ ከዲስክ ይጫኑ ኖሯል፣ አብረው ከሉፑ ወጡ።

ድምፅ፦ ጀንፈል ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሲወድቅ በስልክ ተቀዳ። ስልኩ ያስቀመጠውን ኤምፎርኤ ፋይል ሚክሰር (የፓይጌም ድምፅ አጫዋች) አልከፈተውም፤ በኦዳሲቲ (የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም) ወደ ዌቭ ተቀየረ፣ ከፊቱ ያለው ጸጥታም ተቆረጠ። «ለ» ላይ ጥሩ ነው። «ሀ» ላይ ግን ፍሬው ከገባ በኋላ ዘግይቶ ይሰማል። የ1.9.6 ዋጋ እዚህ ላይ ተከፈለ፦ ያ ቁጥር ካልነገሩት ባፈሩን (ከመሰማቱ በፊት የሚጠራቀሙትን የድምፅ ናሙናዎች) 4096፣ ፍሪኩዌንሲውን (በሴኮንድ የሚሄዱትን ናሙናዎች) 22050 ያደርገዋል፤ ሲካፈል ወደ 0.19 ሴኮንድ ነው። ከ2.0 ወዲህ ያለው 512 እና 44100 ስለሆነ 0.012 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው። ከ«ኢኒት» በፊት በ«ፕሪ ኢኒት» 44100 እና 512 ሲሰጠው ዳነ። በኋላ ለ3.8 የሚሆን ፓይጌም 2 ወርዶ ተተካ፤ ወደ 10 ሜጋባይት ነው፣ መጀመሪያውኑ መደረግ ነበረበት።

ሳምንት 6። ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ

«ነጥብ» የሚለው ቃል በባዶ ሳጥኖች ታየ። የፓይጌም የራሱ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ 7 ጋር ስለሚመጣ በ«ሲስ ፎንት» ሲጠራ ሠራ፤ ግን በሌላ ማሽን ላይ ላይኖር ይችላል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል በነጻ ፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ የፎንቱ ፋይል ከጨዋታዋ ጋር በአንድ ፎልደር ተቀመጠ። የላቲን ፊደልም ስላለው ለአፋን ኦሮሞ ቁቤው ይበቃል። ጅማ ላይ የሚሰጥ ጨዋታ ሁለቱንም ካልያዘ ግማሹን ተጫዋች ይተዋል።

ቋንቋው ሲቀየር ጽሑፉ ከቦታው ወጣ። በቁቤ የረዘመ አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ቃሉ ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ በአማርኛ ተለክቶ በቁጥር የተቀመጠ ቦታ አይበቃውም። መሀል የሚቀመጠው ጽሑፍ ቦታው በእጅ በተጻፈ ኤክስ መሆኑ ቀርቶ ከራሱ ስፋት እንዲሰላ ተደረገ።

ከፍተኛ ነጥብ ከስም ጋር በፋይል ይቀመጣል። ዊንዶውስ ላይ በአማርኛ ስም ሲጻፍ «ዩኒኮድ ኤንኮድ ኤረር» መጣ፤ «ኦፕን» (ፋይል የሚከፍተው ትእዛዝ) ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበት ሥርዓት) ካልተነገረው የሚጠቀመው ግዕዝን የማያውቀውን የዊንዶውስ ነባሪ ነው። ሲጻፍም ሲነበብም ዩቲኤፍ 8 መባል አለበት። በአንዱ ብቻ ሲባል ስሙ የተበጠሰ የላቲን ፊደል ሆኖ ተመለሰ። ነጥቡን በግዕዝ ቁጥር ለማስቀመጥም ተሞክሮ ነበር፦ ማሳየት ይቻላል፣ ግን «ኢንት» (ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ትእዛዝ) ፩ን ወደ 1 አይለውጥም። ፋይሉ ውስጥ 1፣ 2፣ 3 ይቆያል።

ሳምንት 7። ለሌላ ሰው መስጠት

ጨዋታዋ በፓይኢንስቶለር ወደ ኤግዚ (ፓይተን ሳይጫን በራሱ ወደሚከፈት ፕሮግራም) ተቀየረች። «ለ» ላይ የተሠራው «ሀ» ላይ አልተከፈተም፤ ፓይተን 3.11ን ውስጡ ስለያዘ ዊንዶውስ 7 አይችለውም። «ሀ» ላይ በ3.8 የተሠራው ግን በሁለቱም ሠራ። ለማከፋፈል የሚሠራው በአሮጌው ማሽን ነው።

ከዴስክቶፕ ሾርትከት ሲከፈት «ፋይሉ የለም» አለ። የሥዕሎቹ አድራሻ የሚቆጠረው ፕሮግራሙ ከተቀመጠበት ሳይሆን ከተጠራበት ፎልደር ነበር። አሁን መጀመሪያ የፕሮግራሙ ፎልደር ይሰላል፣ ሁሉም አድራሻ ከእሱ ይነሳል። በአንድ ፋይል የታሸገውን አንቲቫይረስ ስለያዘው በፎልደር ሆኖ በዚፕ ይሰጣል።

ከአጋሮ የመጡ ሁለት ልጆች ሞከሯት። ቅርጫቱ ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ወጥቶ ጠፋባቸው። 7 ሳምንት ሙሉ ያላየነውን እነሱ በ1 ደቂቃ አገኙት። «ክላምፕ» (ከስክሪኑ እንዳይወጣ የሚገድብ ትእዛዝ) ተጨምሮ ተዘጋ። ሁለተኛ ያሉት፦ አረንጓዴው ፍሬ ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ ነጥቡ ከ0 በታች ይወርዳል። አሁን ከ5 ፍሬ 1 አረንጓዴ ነው፤ ከ8 ፍሬ 1 ተደርጎ ቅዳሜ እንደገና ይሞከራል።